ባለ ብዙ ኪሱ ቦርሳ

አስማማው ቦርሳ ለመግዛት ስንት ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ሳልባጅ ተራ እንደተመላለሰ ሻጯ የብርጓል ታውቃለች። ሰው ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይንከራተትም። እሱ ደግሞ ሚስቱን መርጦ ጨርሷል፤ ቦርሳው ያስፈለገው እሷን ለማግኘት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አስማማው ሞባይል ጠጋኝ ነው። በጠባብ ሱቁ ውስጥ እያንዳንዱ ብሎን የራሱ ብልቃጥ፣ እያንዳንዱ መፍቻ የራሱ ሚስማር አለው፤ አንዱ ከሌላው ቦታ ከተገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። ፈንታዬ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። አንድ ቀን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳን ምን እንደነካው እንጃ፣ በየሳምንቱ ይበላሽ ጀመር። ሁለቱም ነገሩን ያውቁ ነበር፣ ሁለቱም ዝም አሉ። በመጨረሻ ጤነኛ ስልክ እየፈታ መግጠም የሰለቸው አስማማው ሽማግሌ ላከ።

የፈንታዬ አባት አቶ ገብረ ኪዳን ከዲማ አለፍ ብሎ፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በጉብዝናቸው ዘመን የታወቁ አዳኝ ነበሩ፤ ዛሬም ቢሆን በዓመት አንዴ ፈቃድ አውጥተው፣ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃቸውን ወልውለው መውረዳቸውን አልተዉም። ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ በባዶ መለሷቸው። በሦስተኛው የዲማው መሪጌታ ዘማርያም ራሳቸው ፊት ፊት ሆነው ቢሄዱ፣ አቶ ገብረ ኪዳን እንዲህ ሲሉ ቆረጡ፦

«የከተማ ልጅ ሸክም አያውቅም። ሸክም የማያውቅ ደግሞ ትዳር አያውቅም። ጥቅምት ሲያልቅ በረሃ እወርዳለሁ፤ አብሮኝ ይውረድ። ያደንኩትን ሥጋ ለማንም ሳያካፍል፣ በራሱ ጫንቃ ተሸክሞ እደጄ ካደረሰ ልጄን እሰጠዋለሁ። ካላደረሰ ግን ሽማግሌ አትላኩብኝ፤ ውሻዬን እለቅባችኋለሁ።»

«ቀድሞስ መች አሰሩት?» አሉ መሪጌታ፣ የተቀደደ ጋቢያቸውን እያሳዩ።

ቀኑም ቢሆን ጠባብ ነበር። ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ሥጋ የሚባል የለም። ከገና ወዲያ ነገር ቢጀመር ደግሞ የሰርጉ ወር ጥር በሽምግልና ያልቃል። ስለዚህ ለአስማማው ያለችው አንዲት አደን ብቻ ናት፤ ፈንታዬን ወይ ያገኛታል፣ ወይ ያጣታል። እንዲህ ያለ ሰው ቦርሳ ቢያማርጥ ማን ይፈርድበታል?

በመጨረሻው ቅዳሜ ፈንታዬም አብራው ሄደች። የብርጓል ሁለት ቦርሳዎች ከክምሩ ላይ ለይታ አስቀምጣለች። አንደኛው አረንጓዴ ነው፤ እንደ አቅማዳ አንድ አፍ ብቻ ያለው፣ በገመድ የሚታሰር። ሁለተኛው አመድማ ነው፤ ጀርባው ላይ የብረት አጥንት፣ ወገቡ ላይ ሰፊ መቀነት፣ ከዚያ ወዲያ ኪስ በኪስ ላይ፣ ኪስ በኪስ ውስጥ።

አስማማው ሁለቱንም ፈተናቸው። ለየብርጓል ያልተሸጡላትን ሱሪዎች ሁሉ በየተራ አጨቀባቸውና ተሸክሞ ተራውን ዞረ። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ጎንበስ ቀና አለ። የጫማ ነጋዴዎቹ፣ «አስማማው ሱሪ ሰርቆ መሄጃ ጠፋው!» እያሉ ሳቁበት። ሁለቱም ቦርሳዎች ጥሩ ቻሉ።

«አረንጓዴውን ግዛ» አለች ፈንታዬ። «ሥጋ ኪስ ምን ያደርግለታል? ደግሞ አባዬን አታውቀውም። አንዴ ከጠራ ሁለተኛ አይጠራም። ይኸኛው እጅህን ሰደድ አድርገህ የፈለግከውን ማውጣት ነው።»

«አንድ አፍ ውስጥማ ሁሉም ይደባለቃል። ጨውና ካልሲ አብረው ሊያድሩ?»

«ቢያድሩስ? ይጋባሉ እንዴ?»

አስማማው ግን የአመድማውን ዚፕ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረገ ፈገግ ብሎ ቀርቷል። ፈንታዬ ፊቱን አየችና ለየብርጓል፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለቻት። ቦርሳው ተገዛ።

እቤቱ ወስዶ አጠበው፣ በሰም ወለወለው፣ ሲያድር አልጋው ራስጌ አቆመው። በሶው በአንዱ ኪስ፣ ቆሎው በሌላው፣ ውሃ፣ ጨው፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ ሶፍት፣ የቁስል ፕላስተር፣ ለሥጋው መጠቅለያ ንጹሕ አቡጀዲ፤ ሁሉም በየቤቱ ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን ከፈንታዬ ይልቅ ቦርሳውን አብዝቶ አይቶታል።

የአደኑ ቀን ጠዋት፣ አፋፉ ላይ ባለው ግቢ፣ አቶ ገብረ ኪዳን ከወገባቸው ቢላዋ መዘዙ። እጀታው ቀንድ ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት። ለማረድ እንጂ ሽንኩርት ለመክተፍ ወጥቶ አያውቅም።

«ይህን ያዝ» አሉት። «ስጠራህ በእጄ አድርግልኝ። ያኔ ሰው መሆንህን አያለሁ።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በር ላይ ቆመው ነበር። «ምነው ገብሬ? አዳኝ ቢላዋውን ከወገቡ ፈትቶ ለሰው ሲሰጥ ዛሬ ገና አየሁ።»

«አንቺ ድልህሽን አሰናጂ። ማታ ሥጋ ይመጣል።»

አስማማው ቢላዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ። የት ያስቀምጠው? ብዙ አሰበበት። ሲጠሩት ቶሎ የሚደርስበት፣ ከሌላ ነገር ጋር የማይቀላቀልበት ልዩ ቦታ መረጠለትና ዚፑን ዘጋ። ደስ አለው። ወረዱ።

ሽማግሌው ቁልቁለቱን እንደ ፍየል ነው የሚወርዱት። አስማማው ከኋላ ከኋላ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ሥጋ ያልገባበት ቦርሳ እንኳ ከብዶት ተከተለ። ወደ ቀትር ሲጠጋ ክትክታ በሞላበት ተዳፋት ላይ ጋደም ብለው ጠበቁ። ብዙ ቆዩ። የአስማማው ዓይን በእንቅልፍ ሊከደን ሲል ቁጥቋጦው ተላወሰና አንድ ደንዳና ድኩላ ብቅ አለ። አቶ ገብረ ኪዳን ትንፋሻቸውን ያዙ። ምንሽሩ ጮኸ፤ ገደሉ ደጋግሞ መለሰለት። ድኩላው ዘሎ ወደቀ።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ረስተው ሮጡ። ቀንዱን ያዙ፣ በጉልበታቸው ተጫኑት፣ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞሩት።

«ቢላዋ!»

አስማማው ቦርሳውን ከጀርባው አውርዶ ዘጭ አደረገና የፊተኛውን ኪስ ከፈተ። በሶ ነው። የጎኑን ከፈተ፤ ገመድ። የላይኛውን ከፈተ፤ ሶፍት።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ! ኧረ ቢላዋ!»

«መጣሁ ጋሼ! መጣሁ!» ባትሪ። ፕላስተር። ጨው። እንደዚያ አስቦ ነበር ያስቀመጠው፣ ሲጮሁበት ግን አሳቡ ብን ብሎ ጠፋ። የውስጠኛው ኪስ ውስጥ ሌላ ኪስ አገኘ፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የረሳው የፈረንጅ ካልሲ።

«በስመ አብ ወወልድ!… ልጅ! እየሞተብን ነው!»

የሽማግሌው ቡራኬ ሁለት ጊዜ ተጀመረ። አስማማው ቦርሳውን ዘቅዝቆ አራገፈው፤ ቆሎው በተዳፋቱ ተንከባለለ፤ ቢላዋ የለም። ድኩላው አንዴ ተንፈራገጠ። ከዚያ ጸጥ አለ።

አቶ ገብረ ኪዳን እጃቸውን ከቀንዱ ላይ ቀስ ብለው አነሡ።

«በከተ» አሉ።

በቢላዋና በሥላሴ ስም ሳይባረክ ነፍሱ የወጣ እንስሳ ብክት ነው። ምን የመሰለ ሥጋ ቢሆን የጅብ ነው እንጂ የክርስቲያን አይደለም። አስማማው የተበተነ ዕቃው መሀል ተንበርክኮ ቀረ። ድኩላውም አሳዘነው፣ ሽማግሌውም አሳዘኑት፣ ከሁሉ በላይ ግን ፈንታዬ ከእጁ ወጥታ ስትሄድ የታየችው መሰለው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ዕቃውን ለቃቅሞ፣ የተረፈችውን ቆሎ እንኳ ሳይቀር ወደየኪሷ መለሰ፤ እጁ ሌላ ነገር አያውቅም።

ሽማግሌው ወደ ኋላ ሳያዩ ሽቅብ ጀምረዋል። ተናደዋል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ እግሩን አያይም። ልቅ ድንጋይ ረገጡ፣ ተንሸራተቱ፣ አስማማው ደርሶ ሳይዛቸው ወደቁ። ቁርጭምጭሚታቸው ወለም ብሎ ወዲያው እንደ ቡሄ ሙልሙል አበጠ። ለመቆም ሞከሩ፣ አልሆነም። ምንሽሩን ተመርኩዘው ሞከሩ፣ ባሰ። የአስማማው ስልክ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለውም።

«ሂድና ሰው ጥራ» አሉት።

አስማማው ፀሐይዋን አየ፣ አቀበቱን አየ። እሱ ወጥቶ፣ ሰው ሰብስቦ እስኪመለስ ይጨልማል፤ እዚያው ታች ደግሞ ጅብ የሚጠራ ድኩላ ተኝቷል።

«ጥዬዎት አልሄድም» አለ። ቦርሳውን ሊያወርድ የወገቡን መቀነት ሲፈታ እጁ ጠንካራ ነገር ነካ። መቀነቱ ላይ፣ እምብርቱ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ኪስ አለች። ዚፗን ከፈተ። የቀንድ እጀታው ብቅ አለ።

ቶሎ እንዲደርስበት ወገቡ ላይ አድርጎት ነበር። ሲጠሩት ደንግጦ መቀነቱን ፈትቶ ሲጥለው፣ ኪሷ ከቦርሳው ሥር ታጥፋ ቀርታለች።

አቶ ገብረ ኪዳን አዩት። «የት ነበር?»

«ወገቤ ላይ።»

ሽማግሌው አፈጠጡበት። አስማማው ስድብ ጠበቀ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፣ ትከሻቸው ተነቃነቀ፣ ከዚያ የሳቅ ጎርፍ ፈነዳ። «ወገቡ ላይ! በስመ አብ! ወገቡ ላይ!» እግራቸው እያመማቸው፣ «ወይኔ!» እያሉ፣ መልሰው ሳቁ። አስማማውም ሳይወድ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ አስማማው ቦርሳውን አጋደመው። ስንት ቅዳሜ የተመላለሰበት፣ በሰም የወለወለው ቦርሳ ነው። ቢላዋውን ግርጌው ላይ ሰክቶ ቀደደው፤ በወዲያኛውም በኩል ቀደደ።

«ምን መሆንህ ነው?»

«እግር ማውጫ ላበጅለት ነው።»

«የማን እግር?»

«የእርስዎ።»

«እኔ ገብረ ኪዳን! እኔ እንደ ሕፃን ልታዘል? ከዚያስ እዚሁ ጅብ ይብላኝ።»

«ጅቡማ ዛሬ ድኩላ አለለት ጋሼ፤ እርስዎን ዞር ብሎም አያይዎት።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ገቡ፣ እግራቸው በሁለቱ ቀዳዳ ወጣ፣ ምንሽሩን በትከሻቸው አነገቱ። አስማማው በጉልበቱ ተንበርክኮ ማንገቻዎቹን አጠለቀ፣ መቀነቱን አጠበቀ፣ ግራር ጨብጦ ተነሣ። ሲያዩዋቸው ቀጭን ናቸው፤ ሲሸከሟቸው ግን ወፍጮ ናቸው። የብርጓል ሱሪዎች እዚህ ላይ ምንም አላስተማሩትም።

አቀበቱ ማለቂያ የለውም። አስማማው አልቀመጠም፤ ከተቀመጠ እንደማይነሣ ያውቃል። ግራር ሲያገኝ ተደግፎ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ከጉልበቱ ይልቅ ልቡ ነበር የከበደው። እላይ ሲደርስ የሚጠብቀው «ሥጋውስ?» የሚል ጥያቄ ነው፤ አንዲት እርምጃ በወጣ ቁጥር ወደዚያ ጥያቄ ይቀርባል። ግን ወጣ። ሰው ታች አይተውም።

«ይኸ ዚፕ ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው ከላይ፣ ቆይተው።

«ቆሎ… ነው… ጋሼ።»

ዚፑ ሲከፈት ተሰማ። ሽማግሌው ቆረጠሙ። ጥቂት ቆይተው አንድ ጭብጥ በትከሻው ላይ ዘርግተው እአፉ ውስጥ አደረጉለት።

«ይህስ?»

«ውሃ።»

ጠጡ፣ አጠጡት። «ይህስ?»

«ሶፍት።»

ላቡን ጠረጉለት። እንዲህ እያሉ ኪሱን ሁሉ በረበሩት፤ አስማማው አንዱንም ሳይስት መለሰ።

«ይህን ሁሉ በቃልህ ይዘህ ቢላዋውን ነው ያጣኸው?»

«ሲጮሁብኝ… ጠፋብኝ።»

ሽማግሌው ዚፑን መልሰው ዘጉ። አፋፉ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ መታየት ሲጀምር ብቻ፣ «በቀኝ በኩል ያዝ፤ በግራው ድንጋዩ ልቅ ነው» አሉ፣ እንደ ወትሮው ሳይጮሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢው በር ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ቃሉ ሲፈጸም ለማየት አጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ፈንታዬ ለሰንበት ከከተማ መጥታለች። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ድስቱን ጥደዋል። መጀመሪያ ያያቸው ውሻው ነው፤ ባለቤቱን በሰው ጀርባ ላይ አይቶ ስለማያውቅ መጮህ አቃተውና ጭራውን ቆላ። ቀጥለው መሪጌታ ዘማርያም አዩ። ብድግ ብለው፣ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ አዋጅ በሚያስነግር ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ!»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ በሳቅ ወደቁ። ፈንታዬ ግን ሮጣ መጥታ አባቷን ከወዲያ፣ አስማማውን ከወዲህ ያዘች። አቶ ገብረ ኪዳንን አጎዛ ላይ አወረዷቸው፤ እግራቸው በሞቀ ውሃ ታሸ። አስማማው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተዘረጋ፤ ክንዱም እግሩም የእሱ አልመስል አለው። ሳቁ ቀስ በቀስ ሲያልቅ የተፈራው ጥያቄ መጣ።

«እህስ፣ ሥጋውስ?» አሉ መሪጌታ።

አስማማው ተነሥቶ ተቀመጠ። «በእኔ ጥፋት በከተ፤ ቢላዋውን…»

«ዝም በል አንተ» አሉ አቶ ገብረ ኪዳን። ለሁሉም ተናገሩ። «አዳኝ ቢላዋውን ከወገቡ አይፈታም። አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ይኸ ነው፤ ወለተ ኢየሱስም ጠዋት ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ላደናቅፍ ብዬ ፈታሁት። እግዜርም እኔኑ አደናቀፈኝ። ድኩላውን ያበከትኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ባላቸው ጥፋቱን ሲያምን እንደ ቢላዋው ሁሉ ዛሬ ገና ማየታቸው ነበር፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ቢሆንም» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፣ «ቃሉ ሥጋ ነበር።»

«ሥጋ ነበር» አሉ አቶ ገብረ ኪዳን። «ሥጋውም የለም።» ከዚያ ያበጠ እግራቸውን ያሹ ጀመር።

አስማማው አንገቱን ደፋ። ፈንታዬ ፊቷ እንዳይታይባት ዞር ብላ የወደቀውን ቦርሳ አነሣች። እጇን በአንዱ ቀዳዳ አስገብታ በሌላው አወጣችው። «እንዴት አድርጎ ነው የቀደደው፣ ምስኪን» አለች። «እስኪ መርፌ ስጡኝ፤ ልስፋው።»

«እንዳትነኪው!» ብለው ጮኹ አባቷ። ከበረሃ ከወጡ ወዲህ የመጀመሪያ ጩኸታቸው ነበር።

ሁሉም ደነገጠ። «ምነው አባዬ?»

«ቀዳዳውን ትሰፊውና፣ ጥር ካለፈ በኋላ እኔ በምን ታዝዬ ነው ደብረ ማርቆስ ቤታችሁ የምመጣው?»